መጥፎ ውጤት መቼ ነው የሕክምና ጥፋት የሚሆነው? ስለ ታካሚ መብት፣ ስለ ማኅደርና ስለ ማስረጃ

ብርሃን_ጥ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሕክምና ጥፋት ሲወራ የምሰማው ሁለት ጫፍ ነው። አንዱ ወገን ታካሚ ከተጎዳ ሐኪሙ አጥፍቷል ብሎ ይደመድማል። ሌላው ደግሞ ቅጹ ላይ ከፈረምክ በኋላ ምንም መብት የለህም ይላል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ሕጉንም ሕክምናውንም የምታውቁ፣ እባካችሁ ከሥሩ አስረዱን። ፍርድ ቤት ጥፋት የሚለው ምኑን ነው? ከሳሽ ምን ምን ማስረዳት አለበት? የሕክምና ማኅደር እንዴት ይወጣል፣ ከወጣስ በኋላ ምኑ ነው የሚታየው? ፊርማስ መብትን ያስቀራል ወይ?

---

ሚዛን_ሕግ

ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ዝርዝሩን የየአገሩ ጠበቃ ነው የሚያውቀው። መሠረቱ ግን ብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው፤ ከሳሽ አራት ነገር ያስረዳል። ሐኪሙ ወይም ተቋሙ ለታካሚው የመጠንቀቅ ግዴታ ነበረበት። ግዴታውን ጥሷል። ታካሚው ጉዳት ደርሶበታል። ጉዳቱን ያመጣው ያ ጥሰት ነው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ክሱ ይወድቃል።

ግዴታ መኖሩ ብዙም አያከራክርም፤ ታካሚው ተቀባይነት አግኝቶ መታየት ከጀመረ ግዴታው አለ። ክርክሩ ያለው ጥሰቱና ምክንያቱ ላይ ነው።

ጥሰትን በተመለከተ መለኪያው «ምርጥ ሐኪም ምን ያደርግ ነበር?» የሚለው አይደለም። በዚያ ሙያ፣ በዚያ ደረጃ፣ በዚያን ጊዜ በነበረው ዕውቀት በቂ ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ ምን ያደርግ ነበር ነው የሚባለው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 የተወሰነው የቦላም ጉዳይ፣ ኃላፊነት የሚሰማቸው የሙያው ሰዎች የሚቀበሉትን አሠራር የተከተለ ሐኪም ቸልተኛ አይባልም አለ። ይህ ለሐኪሞች ሰፊ መጠለያ ነበር። በ1997 የቦሊቶ ውሳኔ አጠበበው፦ የሙያ ባልደረቦች «እኛም እንዲህ እናደርጋለን» ማለታቸው ብቻውን አይበቃም፣ አሠራሩ በምክንያት ሲመረመር የሚቆም መሆን አለበት። ከእንግሊዝ ውጭ ያሉ ፍርድ ቤቶችም በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ነው የሚከራከሩት።

ሰው በብዛት የሚወድቀው ግን ምክንያቱን ማስረዳት ላይ ነው። ባርኔት የሚባለው የ1960ዎቹ ጉዳይ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሦስት የሌሊት ዘበኞች ሻይ ጠጥተው ማስመለስ ይጀምራቸውና ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሄዳሉ። ተረኛው ሐኪም ሳያያቸው በነርሷ በኩል ቤታቸው ሄደው የራሳቸውን ሐኪም እንዲያዩ ያስነግራቸዋል። አንደኛው በሰዓታት ውስጥ ሞተ። ሻይው ውስጥ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሐኪሙ ሳያይ መመለሱ ጥፋት ነው አለ። ቢያየውና ቢያስተኛው ኖሮስ? መርዙ ተለይቶ ማርከሻው እስኪደርስ ጊዜ አይበቃም ነበር፤ ስለዚህ ሞቱን ያመጣው ጥፋቱ አይደለም ተባለ፣ ክሱም ወደቀ።

ስለዚህ «ሐኪሙ ተሳስቷል» የሚለውን ይዞ ጠበቃ ዘንድ የሚሄድ ሰው፣ «ባይሳሳት ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ መሄድ አለበት። የዘገየ የካንሰር ምርመራ ላይ ክርክሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው፦ ከስድስት ወር በፊት ቢታወቅ ደረጃው ስንት ነበር፣ ሕክምናው ምን ይሆን ነበር፣ የመዳን ዕድሉስ? አንዳንድ አገሮች ለጠፋ ዕድልም ካሳ ይፈቅዳሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዕድሉ ከግማሽ በላይ ካልነበረ ምንም አይሰጡም።

---

ተረኛ12

ሚዛን_ሕግ ያሉት ላይ ከሕክምናው ወገን ልጨምር። የታወቀ ተጓዳኝ ችግር መድረሱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ቢሆንም «ይህ የታወቀ ችግር ነው» የሚለው መልስ ነገሩን አይዘጋውም፤ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፦ ችግሩ ከደረሰ በኋላ መቼ ታወቀ፣ ምንስ ተደረገ?

የሐሞት ከረጢትን በካሜራ የማውጣት ቀዶ ሕክምና እንውሰድ። የሐሞት ቱቦ መቆረጥ አልፎ አልፎ የሚደርስ የታወቀ አደጋ ነው፤ በጥሩ እጅም ይደርሳል። በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚፈለገው፣ ከረጢቱ ጋር የሚገናኙት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸው፣ ማለትም አንድ ቱቦና አንድ የደም ሥር፣ ምንም ከመቆረጡ በፊት ጠርቶ መታየቱ ነው። በእብጠት ምክንያት ይህ ጠርቶ ካልታየ ሐኪሙ መንገዱን መቀየር አለበት። የቀዶ ሕክምና ማስታወሻው ስለዚህ ምን ይላል? ይህ ስለ መጀመሪያው ጥፋት ነው።

ብዙ ጊዜ ከባዱ ጥፋት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ታካሚው በሁለተኛው ቀን ሊሻለው ሲገባ ሆዱ ይነፋል፣ ያተኩሰዋል፣ የልብ ምቱ 120 ይደርሳል፣ ዓይኑ ቢጫ መሆን ይጀምራል። ነርሷ ቁጥሮቹን በቅጹ ላይ ጽፋለች። ሐኪም ግን አልተጠራም፤ ወይም ተጠርቶ ማስታገሻ አዝዞ ሄዷል። ቱቦው መቆረጡ ላያስጠይቅ ይችላል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሐሞት ሆድ ውስጥ ሲፈስ ዝም መባሉ ግን ያስጠይቃል።

ጥፋቱ ራሱ የሚናገርባቸው ጉዳዮችም አሉ። ሆድ ውስጥ የተረሳ ጨርቅ፣ የተሳሳተ ጎን ላይ የተደረገ ቀዶ ሕክምና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና የጥንቃቄ ዝርዝር 19 ነጥብ አለው፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከመቆረጡ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በሦስተኛው ላይ ነርሷ የመሣሪያው፣ የጨርቁና የመርፌው ቆጠራ መሙላቱን ጮክ ብላ ትናገራለች። በስምንት ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት፣ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8፣ ተጓዳኝ ችግር ደግሞ ከ11 በመቶ ወደ 7 ወርዷል። ጨርቅ ተረስቶ የቆጠራ ወረቀቱ «ሙሉ ነው» የሚል ከሆነ፣ ወረቀቱ ሳይቆጠር ተሞልቷል ወይም ቆጠራው ተሳስቷል፤ የማስረዳቱ ሸክም በተግባር ወደ ሆስፒታሉ ይዞራል።

---

ማኅደር

ስለ ማኅደር ተጠይቋልና እኔ ልመልስ፤ ጉዳዩ የሚያልቀው እዚህ ስለሆነ በሰፊው ነው የምጽፈው።

ሰው ሄዶ «የሕክምና ማስረጃዬን ስጡኝ» ሲል የሚሰጠው አንድ ገጽ የመውጫ ማጠቃለያ ነው። ያ ገጽ ሐኪሙ መጨረሻ ላይ የጻፈው ትረካ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የሚፈለገው ሙሉው ማኅደር ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ እጅዎ ላይ ይቅር። ይዘቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ ስላገኘሁት ሕክምና የተያዘው ሙሉ ማኅደሬ ቅጂ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ የድንገተኛ ክፍል ምዝገባን፣ የሐኪምና የነርስ ማስታወሻን፣ የሐኪም ትእዛዝንና የመድኃኒት አሰጣጥ ቅጽን፣ የሙቀት፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መከታተያን፣ የፈሳሽ መጠን ሰንጠረዥን፣ የቀዶ ሕክምናና የማደንዘዣ መዝገብን፣ የቆጠራ ወረቀትን፣ የስምምነት ቅጾችን፣ የላቦራቶሪ ውጤቶችን፣ የራጅ፣ የሲቲና የኤምአርአይ ምስሎችን ከነዲጂታል ፋይላቸው፣ የሪፈር ወረቀቶችን ይጨምራል። መዝገቡ በኮምፒውተር ከሆነ ማን መቼ ከፍቶ እንደጻፈና እንዳስተካከለ የሚያሳየው መዝገብም ይካተት። የማይሰጥ ክፍል ካለ የትኛው እንደሆነና ምክንያቱ በጽሑፍ ይገለጽልኝ።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እንዳይቀር። ያ ከሌለ የጎደለው ገጽ ተከልክሎ ይሁን ጠፍቶ አይታወቅም። የምስሎቹን ዲጂታል ፋይል የምለው ደግሞ በወረቀት የታተመ ራጅ ለሁለተኛ ባለሙያ ስለማይበቃ ነው፤ ፋይሉ ማነጻጸሪያና መጠን መለኪያ አለው።

የመልስ ጊዜው በሕግ የተወሰነባቸው ቦታዎች አሉ። በአውሮፓ ኅብረት በመደበኛው አንድ ወር ሲሆን የመጀመሪያው ቅጂ በነፃ ነው፤ በአሜሪካ የፌዴራሉ ደንብ 30 ቀን ይላል። ጊዜ ባልተወሰነበት ቦታም ቀን ያለው ደብዳቤ ለኋላ ይጠቅማል።

ማኅደሩ ሲመጣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብ ያደክማል። የጊዜ ሰንጠረዥ ይሥሩ፦ ቀንና ሰዓት፣ ምን ሆነ፣ ማን ጻፈው፣ የት ገጽ ላይ። አራት ዓምድ ይበቃል። ከዚያ ክፍተቱን ይፈልጉ።

አንድ ምሳሌ ላሳይ፣ የምጥ መከታተያውን ፓርቶግራፍ። በተለመደው ቅጽ የፅንሱ የልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ የማኅፀን በር መከፈት ደግሞ በየ4 ሰዓቱ ይመዘገባል። የፅንሱ ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይጠበቃል። የማኅፀን በር መከፈት መዘግየቱን የሚያሳዩ ሁለት ሰያፍ መስመሮች አሉ፤ አንዱ የማንቂያ፣ ሌላው ከእሱ 4 ሰዓት በስተቀኝ ያለው የእርምጃ መስመር ነው። አሁን መዝገቡ 14፡00 ላይ 140፣ 14፡30 ላይ 136፣ 15፡00 ላይ 118 ይላል እንበል፤ ከዚያ እስከ 17፡30 ባዶ ነው፤ 17፡30 ላይ 80። ሁለት ሰዓት ተኩል ማንም አላዳመጠም፤ ወይም አዳምጦ አልጻፈም። ጠበቃም ባለሙያ ምስክርም የሚጀምሩት ከዚያ ባዶ ቦታ ነው። የኦክስጅን እጥረቱ የደረሰው በዚያ መካከል ነው ወይስ ሴትየዋ ከመምጣቷ በፊት? የሕፃኑ የመጀመሪያ የደም ምርመራ፣ እንደተወለደ ለሁኔታው የሚሰጠው አፕጋር የተባለው ነጥብና የአንጎል ምስሉ ይህን ለመመለስ ይጠቅማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው አዲሱ መመሪያ ሁለቱን መስመሮች ትቷቸዋል፤ ስለዚህ ሆስፒታሉ በየትኛው ቅጽ ይሠራ እንደነበረ መጀመሪያ ይለይ።

---

ብርሃን_ጥ

በጣም አመሰግናለሁ። ገጽ ከጎደለ ወይም ተለውጧል ብሎ ሰው ከጠረጠረስ?

---

ማኅደር

እርማት በራሱ ነውር አይደለም። ትክክለኛ እርማት በአንድ መስመር ተሰርዞ የቀድሞው ጽሑፍ እንደሚነበብ ሆኖ፣ አጠገቡ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ይጻፍበታል። ዘግይቶ የተጻፈ ነገርም «ዘግይቶ የተጻፈ» ተብሎ እውነተኛው የመጻፊያ ሰዓት ይቀመጥበታል። የሚያጠራጥረው ሌላ ነው፦ በነጭ ቀለም የተሸፈነ፣ የብዙ ሰዓታት ማስታወሻ በአንድ እስክሪብቶና በአንድ ወጥ እጅ የተጻፈ፣ የገጽ ቁጥሩ የሚዘል፣ ወይም ታካሚው ክፍሉ ውስጥ ባልነበረበት ሰዓት የተለካ የደም ግፊት። ለዚህ የማደንዘዣ መዝገቡንና የዋርዱን ቅጽ ጎን ለጎን ያድርጓቸው፤ ሰዓታቸው ካልገጠመ ወዲያው ይታያል።

ዋናውን ወረቀት አይንኩ፣ አያስምሩበት። ብዙ ፍርድ ቤቶች ያለ በቂ ምክንያት የጠፋ መዝገብ በያዘው ወገን ላይ የሚጎዳው ግምት እንዲወሰድ ይፈቅዳሉ።

---

ፈቃድና_ዕውቀት

ወደ ፊርማው ልምጣ፣ እስካሁን አልተነካምና። ስምምነት ማለት ውይይቱ ነው፤ ቅጹ ውይይቱ መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ ብቻ ነው። ማደንዘዣ ሊሰጠው በአልጋ ላይ እየተገፋ የፈረመ ሰው ፈርሟል፤ ተስማምቷል ማለት ግን አይደለም።

ስምምነቱ እንዲጸና ታካሚው ማወቅ ያለበት ይኸው ነው፦ በሽታው ምንድን ነው፣ የታሰበው ሕክምና ምን ያደርጋል፣ ምን ጥቅምና ምን አደጋ አለው፣ ሌላ ምን አማራጭ አለ፣ ምንም ባይደረግስ ምን ይከተላል። ሰው የሚረሳው አራተኛውን ነው። ማኅፀንን ማውጣት ብቻ ተነግሯት መድኃኒት መሞከር እንደሚቻል ያልተነገራት ሴት፣ ቀዶ ሕክምናው በሚገባ ቢሠራ እንኳ መብቷ ተነክቷል።

ምን ያህል አደጋ ይነገር ለሚለው የብሪታንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2015 በሞንትጎመሪ ጉዳይ የሰጠው መልስ ትልቅ ለውጥ ነበር። እናትየዋ የስኳር ታማሚና ቁመተ አጭር ነበረች። በዚያ ሁኔታ የሕፃኑ ትከሻ በምጥ ጊዜ የመያዝ ዕድሉ 9 እስከ 10 በመቶ ነበር። ሐኪሟ ይህን ብነግራት ቀዶ ሕክምና ትመርጣለች ብላ አልነገረቻትም። ትከሻው ተያዘ፣ ሕፃኑም ለዕድሜ ልክ ተጎዳ። ፍርድ ቤቱ መለኪያው ሌሎች ሐኪሞች ምን ይናገራሉ የሚለው አይደለም አለ፤ በዚያች ታካሚ ቦታ ያለ ምክንያታዊ ሰው አደጋውን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል ወይ ነው። ለጣት የሚሰጋ ሙዚቀኛና ለጣት ብዙም የማይሰጋ ሰው እኩል አይነገራቸውም።

ልብ በሉ፣ ቅጹ ላይ «ማንኛውም ጉዳት ቢደርስ አልጠይቅም» የሚል ዐረፍተ ነገር ቢኖር፣ በብዙ የሕግ ሥርዓቶች ቸልተኝነትን አይሸፍንም። ታካሚ ለሕክምናው አደጋ ይስማማል፤ ለግዴለሽነት ማንም አይስማማም። ፈቃድ በማንኛውም ሰዓት ይነሣል፣ ከፈረሙም በኋላ። ራሱን የሳተና ወኪል የሌለው ሰው ሕይወቱን ለማዳን ያለ ፊርማ ይታከማል፤ ይህ ግን ለሚያስቸኩለው ብቻ ነው። እንዲሁም የታካሚውን ቋንቋ የማይችል ሐኪም የሚያስተረጉመው በስምንት ዓመት ልጁ ከሆነ፣ ያ ስምምነት ደካማ ነው።

---

ጠብታ

የመድኃኒት ስህተት እስካሁን አልተነሣም። ብዙውን ጊዜ ለማስረዳት ከሌላው ይቀላል፤ ቁጥር ስላለው።

በእጅ የተጻፈ 1.0 ነጥቡ ከደበዘዘ 10 ይሆናል፤ ስለዚህ ከሙሉ ቁጥር በኋላ ዜሮ አይጻፍም። .5 ተብሎ ከተጻፈ 5 ተብሎ ይነበባል፤ ስለዚህ ከነጥቡ በፊት ዜሮ ይጻፋል። ኢንሱሊን ላይ ዩኒት ለማለት የሚጻፈው የላቲን ፊደል U ዜሮ መስሎ 10ን 100 ያደርገዋል። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ በሽታ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነው፤ በየቀኑ ተብሎ ከተሰጠ መቅኔን ያጠፋል፣ አፍ ይቆስላል፣ ሰው ይሞታል። ያልተበረዘ ፖታስየም ክሎራይድ በቀጥታ በደም ሥር ከገባ ልብ ያቆማል፤ ዋርድ ላይ ከሌሎች ብልቃጦች ጋር መቀመጡ ራሱ የተቋሙ ጥፋት ነው።

ሦስት ወረቀት ያስፈልጋል፦ የሐኪሙ ትእዛዝ፣ መድኃኒት ቤቱ የሰጠው፣ ነርሷ የሰጠችበት ቅጽ። ስህተቱ የገባው በየትኛው መካከል ነው? ማሸጊያውን፣ ብልቃጡንና የተረፈውን ክኒን አይጣሉ። የምርት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው።

---

ብርሃን_ጥ

ታዲያ የት ነው የሚኬደው? ፍርድ ቤት ብቻ ነው?

---

ሚዛን_ሕግ

አይደለም። አራት በር አለ፣ እያንዳንዱም የሚሰጠው የተለየ ነው። የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ማብራሪያ፣ ይቅርታና የአሠራር ለውጥ ሊሰጥ ይችላል። የሙያ ፈቃድ ሰጪው አካል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፣ ፈቃድ ያግዳል ወይም ይነጥቃል፤ ካሳ ግን በአብዛኛው አይሰጥም። የፍትሐ ብሔር ክስ የካሳ ክስ ነው። ወንጀል ደግሞ የሚሆነው ጥፋቱ እጅግ የከፋ ሲሆን ነው፤ የማስረጃው ደረጃም ከሁሉም ከፍ ያለ ነው። በወንጀል ነፃ የወጣ ሐኪም በፍትሐ ብሔር ካሳ ሊከፍል ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም። ኒው ዚላንድና ስዊድን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ጉዳቱን በዋስትና የሚክስ ሥርዓት አላቸው፤ እዚያ የሐኪሙን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅም።

ለካሳ ክስ ባለሙያ ምስክር ያስፈልጋል፣ ያውም ከዚያው ዘርፍ። የማዋለጃ ጉዳይ ላይ የአጥንት ሐኪም አስተያየት ብዙም አይጠቅምም። ሲጠየቅም «ጥፋት አለ አይደል?» አይባል። ማኅደሩ ሙሉውን ይሰጠውና ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ በዚያ ሰዓት በነበረው መረጃ ምን መደረግ ነበረበት? የተደረገው ከዚያ የት ላይ ተለየ? ያ ባይለይ ኖሮ ውጤቱ ምን ይሆን ነበር? ውጤቱን አስቀድሞ አውቆ ወደ ኋላ መፍረድ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል።

የካሳ ክሱን በር የሚዘጋው ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ ነው። እንግሊዝ ጉዳቱና ምንጩ ከታወቀበት 3 ዓመት፣ ለሕፃን ደግሞ 18 ከሞላው በኋላ ይቆጥራል። ጀርመን 3 ዓመት ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከታወቀበት ዓመት መጨረሻ ነው። ፈረንሳይ ጉዳቱ ከረጋ ጀምሮ 10 ዓመት ትሰጣለች። ከዚህ ያጠረባቸው አገሮችም አሉ። ሆስፒታሉ ጋር ደብዳቤ መጻጻፍ ብዙ ቦታ ቆጠራውን አያቆመውም፤ «እያጣራን ነው፣ ታገሡ» እየተባሉ ጊዜው ያለፈባቸው ጉዳዮች ብዙ ናቸው፣ ያሳዝናል። ጠበቃ ዘንድ ሲኬድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀኑ መቼ ያልቃል?» ይሁን።

---

ተረኛ12

አንድ ነገር ከሐኪሞቹ ወገን። ሐኪሙን ፊት ለፊት ማነጋገርን አትፍሩት። ሰው ጋር ሁኑ፣ ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፣ የተባለውን በዚያው ቀን መዝግቡ። ሐኪም «አዝናለሁ» ማለቱ ግን ጥፋት ማመን አይደለም፤ እንግሊዝ በ2006 ሕጓ ይህን በግልጽ ጽፋለች፣ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም እንዲሁ። ይቅርታውን እንደ ማስረጃ ለመቅረጽ ስትሯሯጡ፣ የሚጠቅማችሁን ማብራሪያ እንዳታጡ።

---

ብርሃን_ጥ

የመጨረሻ ጥያቄዬ፦ ሰው ከሞተስ? ሆስፒታሉ ገንዘብ ሰጥቶ ፈርሙ ካለስ?

---

ማኅደር

ከሞተ የመጀመሪያው ጥያቄ የአስከሬን ምርመራ ነው፣ ከቀብር በፊት። ከባድ ነው፤ ቤተሰብ በዚያ ሰዓት ስለ ምርመራ ማሰብ አይፈልግም፣ የሚገባም ነው። ነገር ግን የሞት ምክንያቱ ካልታወቀ፣ ላይ የተባለው «ጉዳቱን ያመጣው ያ ጥፋት ነው» የሚለው ነገር አብሮ ይቀበራል። ምርመራው የሚደረገው ከተቻለ በሌላ ተቋም ይሁን። በዚያው ቀን ለሆስፒታሉ አጭር ደብዳቤ ይግባ፦ የደም ናሙናዎች፣ ከሰውነት የተወሰዱ ቁርጥራጮች፣ ከሰውነት የወጣ ብረት ወይም መሣሪያ ካለ እንዳይጣል። የደም ናሙና በላቦራቶሪ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ለቀናት ብቻ ነው። በሰም የተቀመጠ የፓቶሎጂ ናሙና (ለምርመራ የተወሰደ የሰውነት ቁራጭ) ግን ዓመታት ይቆያል፤ የተሳሳተ የባዮፕሲ ውጤት በሌላ ፓቶሎጂስት እንደገና ይታያል።

---

ሚዛን_ሕግ

ፊርማውን በተመለከተ፣ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት። ፈልጋችሁ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡት ሁለት ሐረጎች ናቸው፦ «ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» እና «ወደፊት ለሚታወቅ ጉዳትም»። ሁለተኛው ካለበት፣ ዛሬ የማይታየው የሕፃን የአንጎል ጉዳት በሁለት ዓመቱ ሲገለጥ መጠየቂያ አይኖርም። የሕክምና ወጪ ዕዳ ይሰረዛል ተብሎ የሚቀርብ ወረቀትም ያንኑ ሐረግ ሊይዝ ይችላል። የቀብር ወጪ እርዳታ ከሆነ የሚሰጡት፣ «ያለ ምንም የመብት መተው የተቀበልኩ» ተብሎ ይጻፍና ይፈረም። ያንን ለመጻፍ እንቢ ካሉ ገንዘቡ እርዳታ አልነበረም፤ ሳትፈርሙ ወረቀቱን ፎቶ አንሡና ለጠበቃ አሳዩ።